ግጥሙ ተጽፏል፤ ዜማውስ?

አንዲት ወጣት ማንበብና መጻፍ እንደ ተማረች መጀመሪያ በደብተሯ የጻፈችው የአያቷን የሠርግ ዘፈን ነው እንበል። አያትየዋ እየዘፈኑ፣ ልጅቱም «ቀስ ይበሉ እማማ፤ እስቲ ይድገሙልኝ» እያለች ስንኙን አንድ በአንድ ያዘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አያትየዋ አረፉ። በቤቱ ሠርግ ሲደርስ ልጅቱ ደብተሯን ገለጠች። ግጥሙ አለ፤ አንድም ቃል አልጎደለም። ልትዘፍን አፏን ስትከፍት ግን ዜማው የለም። ግማሹን ታስታውሰዋለች፤ ግማሹ ሌላ ዘፈን እየመሰለ ይሄድባታል። እናቷ «እንዲህ ነበር» ብለው ያንጎራጉራሉ። አክስቷ ደግሞ «ኧረ አልነበረም፤ እንዲህ ነው እንጂ» ይላሉ። የሚዳኝ የለም፤ ዳኛዋ መቃብር ገብተዋል።

ይህ እንበል ብለን ያመጣነው ምሳሌ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ችግር ያልገጠመው ቤት ጥቂት ነው። ፊደል ቃልን ይይዛል፤ ዜማን ግን አይይዝም። ዛሬ በስልክም ቢሆን ድምፅ መቅዳት ስለሚቻል፣ መቅጃ በእጁ ያለ ሰው ይቅዳ። ሆኖም የተቀዳ ድምፅ ይደመጣል እንጂ ራሱን አያስረዳም። በዜማው ውስጥ የተለመደው የቱ ነው? ከሌላው የሚለየውስ? ይህን ለማወቅ ማዳመጥና መቁጠር ያስፈልጋል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ዜማን በቁጥር እንዴት በወረቀት ላይ እንደምናሰፍር ነው። ሁለተኛው፣ የጻፍነውን ስንቆጥረው ምን እንደሚነግረን ነው። ለዚህ ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። መቁጠርና መደመር የሚችል ሁሉ ይችለዋል።

፩. ዜማ ከምን ይሠራል?

ዜማ በሁለት ነገር ይቆማል። አንዱ የድምፅ ከፍታ፣ ሌላው የድምፅ ርዝመት ነው።

ከፍታውን ለመረዳት ማሲንቆ የሚመታ ሰው እንመልከት። ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነው። ታዲያ ከአንድ ጭራ ብዙ ድምፅ እንዴት ይወጣል? መቺው ጭራውን በጣቱ እየነካ ያሳጥረዋል፤ ያስረዝመዋል። ረጅም ጭራ ቀስ ብሎ ስለሚርገበገብ ወፍራም ወይም ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። አጭር ጭራ ቶሎ ቶሎ ስለሚርገበገብ ቀጭን ወይም ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። በአንድ ሰከንድ 220 ጊዜ የሚርገበገብ ክር ውጥረቱ ሳይለወጥ በግማሽ ቢያጥር 440 ጊዜ ይርገበገባል። እንግዲህ ከፍታ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ ተርገበገበ ማለት ነው። ድምፅ ራሱ ቁጥር አለው።

ርዝመቱን ለመረዳት ደግሞ የቡሄ ልጆችን እናስታውስ። ሆያ ሆዬ ሲሉ ዱላቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለው ጊዜ እኩል ነው። አንዱ ቀለም በአንድ ምት ያልቃል፤ ሌላው ሁለትና ሦስት ምት ይቆያል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡም እንዲሁ ነው። ምቱ ቢዛባ ዘነዘናው ከዘነዘና ይጋጫል። እንጉርጉሮ ግን ከዚህ ይለያል። የሚያንጎራጉር ሰው ምት አይጠብቅም፤ ሆዱ እንዳለው ያስረዝማል፣ ያሳጥራል።

፪. ዜማውን በቁጥር እንጻፍ

ዜማን በጽሑፍ የመያዝ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከቃሉ በላይ በሚጻፉ ትናንሽ ምልክቶች ይመራል። ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚያ ምልክቶች ግን ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ለተማረ ሰው ማስታወሻ ናቸው። እኛ የምንፈልገው ለጀማሪም የሚሆን ቀላል ዘዴ ነው።

በአገራችን የታወቁት ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ስለዚህ ከዝቅተኛው ጀምረን እስከ ከፍተኛው 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብለን እንሰይማቸው። ቁጥሩ የድምፁን ከፍታ ያመለክታል እንጂ የክራሩን ክር ተራ አያመለክትም። የቅኝቱን ስም ከላይ መጻፍ ግድ ነው። ያለበለዚያ የትዝታው 2 ከአምባሰሉ 2 ጋር ይደባለቃል፤ ሁለቱ እኩል ከፍታ የላቸውም።

አሁን ለትምህርት ብለን እኛው ያዘጋጀነውን አጭር ዜማ እንጻፍ። ቅኝቱ ትዝታ ነው። የወል ቤት የሚባለው ግጥም ስንኙ 12 ቀለም ኖሮት ከመካከሉ ስድስት ስድስት ተብሎ እንደሚከፈል ሁሉ፣ ይህም ዜማ በእያንዳንዱ ሐረግ 6 ድምፅ አለው።

1ኛ ሐረግ፦ 1 2 3 3 4 3 – –
2ኛ ሐረግ፦ 2 5 4 5 4 3 – –
3ኛ ሐረግ፦ 3 4 5 4 3 2 – –
4ኛ ሐረግ፦ 3 2 2 1 2 1 – –

እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ምት ነው። ሰረዝ ሲኖር ያው ድምፅ አንድ ምት ይጨመርለታል። ስለዚህ የየሐረጉ መጨረሻ ሦስት ምት ይቆያል ማለት ነው። ክራር ወይም ዋሽንት የሚያውቅ ሰው በአጠገባችሁ ካለ፣ ይህን ይምታላችሁና አዳምጡ።

፫. እስቲ እንቁጠር

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደ መጣ እንቁጠር።

ድምፅ 1፦ 3 ጊዜ
ድምፅ 2፦ 6 ጊዜ
ድምፅ 3፦ 7 ጊዜ
ድምፅ 4፦ 5 ጊዜ
ድምፅ 5፦ 3 ጊዜ
ድምር፦ 24

ብዙ ጊዜ የመጡት የመካከለኞቹ ድምፆች ናቸው። ጥጉ ላይ ያሉት 1 እና 5 ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ መጡ። ታዲያ 1 ከ5 ጋር እኩል ነው ማለት ነው? አይደለም። ዜማው የጀመረው በ1 ነው፤ ያረፈውም በ1 ነው። አሁን ደግሞ ምቱን ጨምረን እንቁጠር። ድምፅ 4 አምስት ጊዜ መጥቶ 5 ምት ወሰደ። ድምፅ 1 ሦስት ጊዜ ብቻ መጥቶ እሱም 5 ምት ወሰደ፤ በመጨረሻው ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቷልና። ድምፅ 5 ግን ከ3 ምት አላለፈም። ከዚህ የምንማረው፣ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን የት እንደ መጣና ምን ያህል እንደ ቆየም መቁጠር እንዳለብን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ እንቅስቃሴውን እንቁጠር። 24 ድምፆች ካሉ በመካከላቸው 23 እንቅስቃሴ አለ። ወደ ጎረቤት ድምፅ መሄድን እርምጃ እንበለው። ጎረቤትን ዘሎ መሄድን ዝላይ እንበለው። ያንኑ ድምፅ መድገምን ባለበት መቆም እንበለው።

እርምጃ ወደ ላይ፦ 8
እርምጃ ወደ ታች፦ 11
ባለበት መቆም፦ 3
ዝላይ፦ 1
ድምር፦ 23

ዝላዩ አንድ ብቻ ነው። እሱም በ2ኛው ሐረግ መጀመሪያ ከ2 ወደ 5 የሚወጣው ነው።

፬. ወረቀቱን ብንቀላቅለውስ?

አንድ ሙከራ እንሥራ። 24ቱን ቁጥሮች በ24 ቁራጭ ወረቀት ላይ እንጻፍና በሰፌድ ላይ እንቀላቅላቸው። ከዚያ ዓይናችንን ጨፍነን አንድ በአንድ እያነሣን እንደርድራቸው። የድምፆቹ ብዛት አልተለወጠም፤ 3ቱ አሁንም 7 ነው፣ 5ቱም አሁንም 3 ነው። የተደረደረውን ለመዝፈን ስንሞክር ግን ጉሮሮ ይሰናከላል። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይወረውረናል።

ምክንያቱን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ወረቀቱን ደጋግመን ብንቀላቅል፣ ከ23ቱ እንቅስቃሴ በአማካይ 9 ወይም 10 ያህሉ ዝላይ ይሆናል። በመጀመሪያው ዜማችን ግን ዝላዩ አንድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ዜማ ማለት የድምፅ ክምችት አይደለም። አንዱ ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠራዋል። ከ4 በኋላ 3 ወይም 5 እንጠብቃለን፤ 1ን አንጠብቅም።

ይህን የመሰለ ቆጠራ በጽሑፍ ላይ የሠራ አንድ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ስሙ አንድሬይ ማርኮቭ ነው። በ1913 ከፑሽኪን «የቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላት ወስዶ ከአናባቢ በኋላ ምን እንደሚመጣ፣ ከተነባቢ በኋላ ምን እንደሚመጣ ቆጠረ። የሚመጣው ፊደል ባለፈው ፊደል ላይ እንደሚመሠረት በቁጥር አሳየ። ዘዴው በኋላ ለዜማም ዋለ።

፭. በሌሎች አገሮች የተቆጠረው

ሁንጋሪያውያኑ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፎኖግራፍ የሚባለውን መቅረጫ ይዘው በየገጠሩ ይዞሩ ነበር። ገበሬዎች ሲዘፍኑ ድምፃቸውን በሰም ጥቅል ላይ ይቀርጹና ቤታቸው ገብተው ይጽፉታል። ዘፈኖቹ በሺህ ሲቆጠሩ እንዴት ይደርደሩ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ባርቶክ የስንኙን ቀለም ብዛት ቆጠረ፤ እያንዳንዱ ስንኝ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍም መዘገበ። ምት ጠብቀው የሚሄዱትን ዘፈኖችም እንደ ንግግር በነፃ ከሚዘፈኑት ለየ። በእኛ ዜማ የሐረጎቹ ማረፊያ 3፣ 3፣ 2፣ 1 ነው። ይህን አራት ቁጥር ብቻ የጻፈ ሰው እንኳ ስለ ዜማው ብዙ ነገር ይዟል።

በ1956 ሪቻርድ ፒንከርተን የተባለ አሜሪካዊ 39 የሕፃናት ዜማዎችን ቆጠረ። ከየትኛው ድምፅ በኋላ የትኛው እንደሚመጣ ሠንጠረዥ ሠራ። ከዚያም በሠንጠረዡ እየተመራ አዳዲስ ዜማ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ዜማዎቹ ይዘፈናሉ፤ ዳሩ ግን ተራና ለዛ የጎደላቸው ነበሩ። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዴቪድ ሂውረን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በ1996 ባወጣው ጥናት ከ6,000 በላይ የአውሮፓ ሕዝባዊ ዘፈኖችን መረመረ። ሐረጎቹ በአማካይ እንደ ኮረብታ ሆነው ተገኙ፤ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በእኛም ዜማ 2ኛውና 3ኛው ሐረግ ወጥተው ይወርዳሉ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 304 ቅጂዎችን አወዳደረ። ሁሉም ዘፈን ያለ ልዩነት የሚከተለው አንድ ሕግ አልተገኘም። በአብዛኛው የሚደጋገሙ ነገሮች ግን ተገኙ። ሐረጎቹ አጫጭር ናቸው። መጨረሻቸው ወደ ታች ይወርዳል። ምታቸውም በአብዛኛው እኩል ነው።

፮. ለምን እንዲህ ሆነ?

አንዱ ምክንያት ትንፋሽ ነው። ስንዘፍን በሳምባችን ያለው አየር እያለቀ ይሄዳል። አየሩ ሲያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ድምፅም መውረድ ይቀለዋል። ሐረግ አጭር የሚሆነውም መተንፈስ ስላለብን ነው። የመጨረሻው ድምፅ ረዘም ማለቱም በዘፈን ብቻ አይደለም። ስንናገርም የዐረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቀለም ጎተት እናደርገዋለን።

ሁለተኛው ምክንያት የጉሮሮ ምቾት ነው። ወደ ጎረቤት ድምፅ መሄድ ይቀላል፤ ርቆ መዝለል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የቦታ ጥበት ነው። «ከዝላይ በኋላ ዜማ ይመለሳል» ይባላል። በእኛ ዜማ ከ2 ወደ 5 ከተዘለለ በኋላ የመጣው 4 ነው። ግን ከ5 በላይ ድምፅ በሌለበት ወዴት ይሄድ ኖሯል? ጣሪያ የነካ ሰው ከመውረድ ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ አንድ ነገር ተደጋግሞ ስናይ «ሕግ ነው» ከማለታችን በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባናል።

፯. ቀድሞ የሚጠፋው የቱ ነው?

አሁን ወደ ልጅቱ ደብተር እንመለስ። ከላይ የጻፍነው ዜማ የአያትየዋ ዘፈን ነው ብለን እናስብ። እናትና አክስት የተለያዩት በ2ኛው ሐረግ ላይ ነው እንበል።

እናት የሚሉት፦ 2 3 4 5 4 3 – –
አክስት የሚሉት፦ 2 5 4 5 4 3 – –

የእናት ዜማ ለጉሮሮ ይመቻል። እርምጃ በእርምጃ ይወጣል፤ እርምጃ በእርምጃ ይወርዳል። የአክስት ዜማ ዝላይ አለበት። ብዙ ሰው «የተለመደው የእናትየዋ ስለሆነ ትክክሉ እሱ ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን ቆም ብለን እናስብ።

በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ይህን የሚመለከት ነው። ተመራማሪዎቹ ዜማ ለአንድ ሰው ያሰማሉ፤ ያ ሰው የሰማውን ይዘፍናል። የእሱን ዝማሬ ለሌላ ሰው ያሰማሉ፤ ያም በተራው ይዘፍናል። እንዲህ እየተቀባበለ ሲሄድ ዜማው ተለወጠ። ዝላዩ እያነሰ፣ መልኩም ለጉሮሮና ለትዝታ ወደሚመች ቅርጽ እየተጠጋ ሄደ። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እንደሚለወጥ ሁሉ ዜማም ይለወጣል ማለት ነው። ወሬ እየሄደ ያብጣል፤ ዜማ ግን እየሄደ ይለሰልሳል።

እንግዲህ የተለመደው ነገር ጠባቂ አያስፈልገውም፤ በሁሉም ጉሮሮ አለ። ቀድሞ የሚጠፋው ያልተለመደው ነው። አንዷ ዝላይ፣ ከልማድ ውጭ የተጎተተች ቀለም፣ ባልተጠበቀ ቦታ ላይ ያረፈ ሐረግ ናቸው ቀድመው የሚሄዱት። ደግሞም ያንን ዘፈን ከሌላው ዘፈን የሚለየው ይኸው ሊሆን ይችላል። የፒንከርተን ሠንጠረዥ የተለመደውን ብቻ ስለሚያውቅ ነው ዜማው ለዛ ያጣው። አያትየዋ ያቺን ዝላይ ያስገቡት ምናልባት ሙሽራዋ የምትጠራበት ቃል ላይ ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል?

ታዲያ አክስት ትክክል ናቸው ማለት ነው? ቆጠራው ይህን አይፈርድም። አክስትም ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ቆጠራው የሚነግረን ጥንቃቄ የት ላይ እንደሚያስፈልግ ነው። የተሻለው ሁለቱንም መጻፍና ከየትኛው ሰው እንደ ተሰማ መመዝገብ ነው። ከዚያም አያትየዋን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎችን መጠየቅ ነው። አያትየዋ ከተዋቸው ሌሎች ዘፈኖች ውስጥ እንዲህ ያለ ዝላይ መኖር አለመኖሩን መቁጠርም ይረዳል። አንድን ድምፅ ግን «አልተለመደም» ብለን አንሰርዝ። ቁጥር ብዙውንና ጥቂቱን ይለይልናል፤ ጥሩውንና መጥፎውን አይለይልንም።

፰. ከሽማግሌዎች ዜማ ስንሰበስብ

ሀ. የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ። ዘፈኑ ለሠርግ፣ ለሥራ ወይም ለልቅሶ መሆኑንም እንግለጽ።
ለ. ቅኝቱን እንጻፍ። ካላወቅን የሚያውቅ እንጠይቅ።
ሐ. ግጥሙን እንጻፍና በየቀለሙ ላይ ቁጥሩን እናስቀምጥ።
መ. የየሐረጉን ማረፊያ ድምፅ ለብቻው እንመዝግብ።
ሠ. ዝላይ ያለበትንና ከሌላው ይልቅ የተጎተተውን ቦታ እናክብበት። እነዚህን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግመን እናረጋግጥ።
ረ. ምት የሌለው እንጉርጉሮ ከሆነ ምት አንፍጠርለት። «በነፃ የሚዘፈን» ብለን እንጻፍ።
ሰ. ዘፋኙ ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን እንቅዳ። የጻፍነውን ደግሞ መልሰን ዘፍነን እናሰማቸው። «እንዲህ ነው እማማ?» ብለን እንጠይቅ። ሊያርሙን የሚችሉት ዛሬ ነው።

ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ዜማ ድምፅ 5 ስንት ጊዜ መጣ? ስንት ምትስ ወሰደ?
2. እናት በሚሉት አኳኋን 2ኛውን ሐረግ ብንተካው በጠቅላላው ዜማ ውስጥ ስንት ዝላይ ይቀራል?
3. የተቀላቀሉት ወረቀቶች ዜማ ያልሆኑት ለምንድን ነው? የድምፆቹ ብዛት አልተለወጠም አልነበረም?
4. በቤታችሁ የሚዘፈን አንድ እሹሩሩ ምረጡና የመጀመሪያውን ሐረግ በቁጥር ጻፉ። ዝላይ አለው? የት ላይ?
5. አንድ ዘፈን ከሁለት ሰው በሁለት ዓይነት ዜማ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?

የቃላት ፍቺ

መርገብገብ፦ ቶሎ ቶሎ ወዲያና ወዲህ መንቀሳቀስ
ቅኝት፦ ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች አደራደር
ሐረግ፦ በአንድ ትንፋሽ የሚዘፈን የዜማ ክፍል
ማረፊያ፦ ሐረግ የሚያበቃበት ድምፅ
በአማካይ፦ ደጋግመን ቆጥረን ድምሩን ለቆጠርንበት ጊዜ ብዛት ስናካፍል የሚገኘው